ደሙ የማን ነው? የበሬው ወይስ የኔ?

ምሳ እየበላችሁ ከሆነ መጀመሪያ ጨርሱ፤ እኔ አልቸኩልም። ውሸቴን ነው፣ በጣም ቸኩያለሁ። ነገሩ ካለቀ ወዲህ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ ካልነገርኩ እያለ አፌን እየበላኝ ነው። ባለቤቴ ሙሉ ግን ሰው ፊት ስለ ሰገራዬ ባወራ እንደማታውቀኝ ቁርጡን ነግራኛለች። ሰው ፊት አለች እንጂ ወረቀት ላይ አላለችም፤ ስለዚህ መጣሁላችሁ።

ነገሩ የጀመረው በደረጃ ነው። መሥሪያ ቤቴ ኡራኤል አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ ወረቀቱ አርጅቶ ተቀደደና በሌላ አዲስ ወረቀት ተተካ፤ ሊፍቱ ግን እንደዚያው ነው። ድሮ ያንን ደረጃ እያፏጨሁ ነበር የምወጣው። ከገና በኋላ ፉጨቱ ቀረ። ቆይቶ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም ማለት ጀመርኩ፤ ቆም ማለቱም አደገና መቀመጥ ሆነ። እዚያ ፎቅ ላይ የጠበቃ ቢሮ አለ፣ በሩ ላይ ደግሞ ወንበር። ጠዋት ጠዋት ልቤ እየደለቀ እዚያ ወንበር ላይ ዘፍ ስል ጸሐፊዋ ባለጉዳይ መስያት ኖሮ አንድ ቀን ጠጋ ብላ በሐዘኔታ ድምፅ ጉዳዩ የፍቺ ነው ወይስ የውርስ ስትል ጠየቀችኝ። የደረጃ ነው አልኳት።

ሙሉ ገርጥተሃል ማለት ጀመረች። እኔ ጾሙ ነው እላለሁ። እሷ አምናም ጾመሃል ትለኛለች። እኔ የሥራ ጫና ነው እላለሁ። እሷ ሥራህንማ አውቀዋለሁ ትላለች። ሙሉ አንዴ ከያዘች አትለቅም፤ በቃ፣ በሕማማት ረቡዕ ክንዴን ይዛ እንደ ተከሳሽ ክሊኒክ አስገባችኝ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ የኔ ልጅ ብትሆን አይገርምም፤ ግን ረጋ ያለች፣ ሰው ስታናግር ዓይን ዓይኑን የምታይ። ደሜ ተቀዳ፣ ውጤቱ መጣ። ደም አንሶኛል፤ ብረት የሚባለው ነገር ደግሞ ከሰውነቴ ተሟጦ አልቋል። እኔ እንግዲህ ስፈራ ቀልድ የሚመጣብኝ ሰው ነኝ። ካዛንቺስ ሲፈርስ የሰፈሩ ብረትና ቆርቆሮ በገልባጭ መኪና እየተጫነ ሲሄድ የኔም ሳላየው አብሮ ተጭኖ ይሆናል አልኳት። አልሳቀችም።

«በእርስዎ ዕድሜ ያለ ወንድ ብረት እንዲሁ አይጎድለውም» አለችኝ። «ደም የሆነ ቦታ ቀስ እያለ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። የት እንደሚሄድ ማወቅ አለብን።»

ቀጥላ ከቤተሰብ የሆድ ሕመም የነበረበት ሰው አለ ወይ ስትል ጠየቀችኝ። የለም ልል አፌን ስከፍት ሙሉ ቀደመችኝና አባቱ አለች። አባቴ ልክ በኔ ዕድሜ ነው ገርጥቶ፣ ከስቶ፣ ሆዴን ሆዴን እያለ የሞተው። ምን እንደገደለው እስከ ዛሬ አናውቅም። በለቅሶውም በተዝካሩም የተባለው «ሆዱን አሞት» ነው፤ እኛ ቤት ውስጥ ከዚያ በላይ ጠይቆ የሚያውቅ የለም። እኔም ስጠይቅ አልኖርኩም። የዚያን ዕለት ግን ሐኪሟ ፊት ተቀምጬ አባቴ ሰውነቴ ውስጥ ሆኖ ደረጃ አብሮኝ ሲወጣ የከረመ መሰለኝ። ሙሉ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው።

ሐኪሟ ትንሽ ዕቃ ሰጠችኝ፤ መቼም ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በእኛ ከተማ የሰገራ ምርመራ ብርቅ አይደለም። አሜባና ጃርዲያን እንደ ጎረቤት በስማቸው የምንጠራ ሰዎች ነን። ሐኪሟ ግን ይኼ የአሜባ አይደለም አለች፤ በዓይን የማይታይ ደም ካለ የሚያሳይ ነው፤ ስለዚህ ናሙናውን እስካመጣ ድረስ ቀይ ሥጋ እንዳልነካ፤ የበላሁት ሥጋ ውስጥ ያለውንም ደም ምርመራው እንደኔ ደም አድርጎ ያየዋልና። ዶሮ ግድ የለም አለች። ደግነቱ ጾም ላይ ነዎት፣ ነገ ይዘው ይምጡ ብላ አሰናበተችን።

ነገ! እስቲ አስቡት፣ ሁለት ወር ሊሞላ ምንም ያህል ያልቀረው ጊዜ ሥጋ ያልነካሁ ሰው ነኝ። ለዚህ ምርመራ ከኔ የተሻለ የተዘጋጀ ሆድ በአዲስ አበባ አይገኝም። ግን ይኼ በሰላሙ ቀን እንደ ሰዓት የሚሠራ ሆዴ ሰው እየጠበቀው መሆኑን ሲያውቅ አፈረ። ሐሙስ ጉልባን በላሁ፤ ሌላ ጊዜ ጉልባን በልቼ መቀመጥ አያስችለኝም። ምንም የለም። ሙሉ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ቆማ «እህሳ?» ትላለች፣ እንደ ማትሪክ ውጤት። አርብ ስቅለት ሆነ። ደም አንሶህ አትሰግድም ተብዬ ሌላው ሲሰግድ እኔ ጥግ ይዤ ቁጭ አልኩ፤ አሁንም የለም። ቅዳሜ ላብራቶሪው ለበዓል ተዘጋ፣ የሚከፈተው ማክሰኞ ነው። ሆዴ የተከፈተው፣ ታምናላችሁ፣ ላብራቶሪው ተዘግቶ ቤት በተመለስኩ በግማሽ ሰዓቱ ነው።

እንግዲህ ጾሙን ሁሉ ሥጋ ሳልበላ ከርሜ፣ ሥጋ የማይበላበትን ምርመራ በፋሲካ ልሠራው ሆነ።

አሁን ስለ ቅርጫችን ልንገራችሁ። የድሮ የካዛንቺስ ጎረቤቶቼ ሰፈሩ ሲፈርስ ተበትነዋል፤ አንዱ አራብሳ፣ አንዱ ገላን፣ አንዱ ልጁ ጋ። እኔ ቀደም ብዬ የገባሁበት የቂርቆሱ ግቢ ግን እስካሁን አለ። ስለዚህ ለፋሲካ በሬው የሚመጣው እኔ ግቢ ነው፤ ሰዎቹም ከየደረሱበት በሬውን ተከትለው ይመጣሉ። መደቡን አይቶ ተስተካክሏል አልተስተካከለም የሚለው ዳኛ ደግሞ እኔ ነኝ። በዓመት ስንቴ እንገናኛለን? እዚያ ቆሞ ሥጋ አልበላም ማለት ሰዎቹን አልፈልጋችሁም እንደማለት ነው የሚቆጠረው።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ወልዴ በቢላቸው ጫፍ ጉበት አቀረቡልኝ። ጋሽ ወልዴ ዕድሜያቸውን ቄራ ከብት ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በሬያችንን ሁልጊዜ የሚመርጡት እሳቸው ናቸው፣ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ለዳኛው የሚሰጡትም እሳቸው። ሐኪም ከልክሎኛል አልኳቸው። በምን ምክንያት ተባልኩ። ደም አንሶኝ አልኩ።

«ደም ላነሰው ሰው ሥጋ ከለከሉት?» አሉ ጋሽ ወልዴ ቢላውን ዝቅ አድርገው። «ለጠማው ሰው ውኃውን ከድኑበት እንደማለት እኮ ነው።»

ምን ብዬ ላስረዳ? ሥጋው በቅጠል ላይ ተደርድሮ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጥሎበት፣ እኔ ስለ ሰገራ ልጀምር? የሆድ ምርመራ አለብኝ፣ ማለቴ፣ ውስጥ ለውስጥ የሆነ፣ እያልኩ ተንተባተብኩ። ወዲያው ወሬው ተነሣ። አንዱ ስኳር ይዞታል አለ። አንዱ ሙሉ ልታከሳው ነው አለ። አንዱማ ሃይማኖት ሳይቀይር አይቀርም ብሎ ማተቤን አንገቴ ላይ በዓይኑ ሲፈልግ አየሁት። ያኔ ሸሚዜን አንድ ቁልፍ ፈታሁለት።

ሙሉ የዚያን ቀን እንደ በረኛ ነው የቆመችው። ክትፎ ከቀኝ ሲመጣ ትመልሳለች፣ ጥብስ ከግራ ሲመጣ ትመልሳለች። አጠገቤ የዶሮ ወጥ ድስት አስቀምጣ ሰው ሊያጎርሰኝ እጁን ባነሣ ቁጥር እሷ ቀድማ ዶሮ ትወትፍብኛለች። ጥሩ ነበር። እስከ ከሰዓት ድረስ ጎላችን አልተደፈረም። ከዚያ እንግዳ መጣና ልትቀበል ወጣች።

ያኔ ነው እማማ ደብሬ የተነሡት። እማማ ደብሬ አማቴ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ የሰው ፊት አይለዩም፣ የሰው አፍ ግን ስተው አያውቁም። ጋሽ ወልዴ ራሳቸው የከተፉትን ጥሬ ክትፎ ጠቅልለው፣ በሌላው እጃቸው ትከሻዬን ዳብሰው፣ ልጄ ሰውነትህ አልቋል አሉኝ። እማማ ተከልክያለሁ አልኩ። አውቃለሁ አሉ። ሐኪሟ ናት አልኩ።

«በሞቴ» አሉ።

ፍረዱኝ። በአንድ ወገን የተማረች ሐኪም አለች። በሌላው ወገን አማት፣ በፋሲካ ቀን፣ ጉርሻ እጃቸው ላይ ሆኖ፣ በሞቴ ብለዋል። የትኛው ሕግ ነው የሚጸናው? አፌን ከፈትኩ። ወይኔ ያ ክትፎ! ቅቤው፣ ኮሰረቱ፣ ሚጥሚጣው! ከሥጋ ጾም ያልወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ አሁን ወጣሁ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ሁለተኛ ሰጡኝ። ሦስተኛውን ስለመጠየቄ አላስታውስም፤ ግን መጣ። ከዚያ በኋላ ሳህኑ ላይ የራሴም እጅ ሳይታይ አልቀረም። ሙሉ ስትመለስ አፌን ጠርጌ የዶሮ አጥንት እየጋጥኩ ነበር፤ ጎበዝ ብላ ራሴን ዳበሰችኝ።

ማክሰኞ ሆዴ እንደ ወትሮው በሰዓቱ ሠራ። ዕቃዋን በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ፣ በምሳ ዕቃ ቦርሳ ከትቼ ታክሲ ተሳፈርኩ። የበዓል ሰሞን ነው፤ ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የተረፈ ምግብ ይዞ ወደየዘመዱ ይሄዳል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ቦርሳዬን አይተው ልጆችህ ጋ ነው የምትወስደው ብለው ጠየቁኝ። አይ፣ ለሐኪም ነው አልኳቸው። ሐኪምን ማክበር ጥሩ ነው ብለው መረቁኝ። ክሊኒኩ ያለበት ሕንፃ በር ላይ ደግሞ ፍተሻ አለ። ዘበኛው ምንድን ነው አለኝ። የግል ንብረት አልኩት። ክፈተው አለኝ። ልክፈተው? አልኩት ቀስ ብዬ፣ ፊቱን እያየሁ። ከፊቴ አንዳች ነገር አነበበ መሰለኝ፣ ግባ ግባ አለኝ።

ውጤቱን ልንሰማ ከሙሉ ጋር ገባን። ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ ደም ታይቷል አለች። ከዚያ ሥጋ አልበሉም አይደል ስትል ጠየቀችኝ። እኔ ምራቄን ስውጥ ሙሉ በኩራት ቀና ብላ በጭራሽ፣ እኔ ራሴ ነኝ የጠበቅኩት አለች። ከዚህ በኋላ አፌ እንዴት ይከፈት? ሐኪሟ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚወስድ ወረቀት ጻፈች። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በኋላ በር ገብቶ አንጀቴን ሊያይ ነው።

ከሕንፃው ወጥተን በካዛንቺስ በኩል ወደ ቤት በእግር ስንሄድ ሙሉ ወደ ኋላ ቀረችብኝ። ዘወር ብዬ ሳያት እንባዋ ይወርዳል። እንደ አባትህ ልትሆንብኝ ነው አለችኝ። ያንን እንባ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ሙሉ፣ እናትሽ አጉርሰውኛል» አልኳት።

መንገዱ መሐል ቆመች። ምን አለች። ክትፎ አልኩ። ጥሬ ነው ለብለብ? ጥሬ። ስንት ጉርሻ? ሦስት። ብቻ? ከዚያ ሳህኑን አልኩ፣ ድምፄን ቀንሼ። መጀመሪያ በቦርሳዋ መታችኝ። ከዚያ፣ ሰው እያየን፣ አቀፈችኝ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ታዲያ የበሬው ደም ነዋ፣ የበሬው ነው፣ አንተ አይደለህም እያለች ትስቃለች፤ እኔም እስቃለሁ። ግን ሁለታችንም በልባችን አንድ ጥያቄ ይዘን ነው ቤት የገባነው። ደሙ የማን ነው? የበሬው ወይስ የኔ?

ሙሉ ለእናቷ ደወለች፤ እናቷ ለጋሽ ወልዴ ደወሉ፤ በቃ፣ ከአራብሳ እስከ ገላን የኔን ሰገራ ያልሰማ የቅርጫ አባል ጠፋ። ሁሉም ከኔ ጋር ሆኖ በበሬው ላይ መሰከረ። ጋሽ ወልዴ ደውለው ያ በሬ ደመ ብርቱ ነበር፣ እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ ሰው ሆድ ገብቶም ቢታይ አይገርመኝም አሉኝ። እማማ ደብሬ ብቻ ከፋቸው። ልጄን በእጄ ገደልኩት ወይ እያሉ ለኡራኤል ጃንጥላ ተሳሉ።

እንግዲህ ለመናዘዝ ወደ ሐኪሟ ተመለስን። ስለ በሞቴ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያን ጊዜ ሳቀች፤ የኔም እናት እንደዚሁ ናቸው አለች። ከዚያ ሌላ ዓይነት ምርመራ አለ ብላ ሌላ ዕቃ ሰጠችኝ፤ ይኼኛው የሚያውቀው የሰው ደም ብቻ ነው፣ በሬ አያታልለውም አለች። በዚህኛው ሆዴ አላፈረም። ውጤቱ መጣ፤ የሰው ደም የለም።

የለም! ሙሉ ኮሪደሩ ላይ እልል አለች፤ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ወንድ ነው ሴት ብለው ጠየቋት። እኔ ለጋሽ ወልዴ ደወልኩ፤ ያልኩህ አሉ፣ ቄራ በሙሉ እስኪሰማ። ባባቴ መንገድ አይደለሁም ማለት ነው። በሬው ጥፋተኛ፣ እኔ ነጻ። ያን ቀን ደረጃውን እያፏጨሁ ወጣሁት፤ እስከ መጀመሪያው ፎቅ።

ሐኪሟ ግን ደስታችንን ጨርሰን እስክንመለስ ጠብቃ ወንበር ላይ አስቀመጠችን።

«ደስ ብሎኛል» አለች። «ግን ብረቱ አሁንም የለም። ምርመራው ዛሬ ደም አላየሁም አለ እንጂ ብረትዎ የት እንደሄደ አልነገረንም። አንዳንዱ ነገር ዛሬ ይደማል፣ ነገ ያቆማል። ካሜራው አይቅር።»

ነጻ የተባለ ሰው ተመልሶ እስር ቤት ሲገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሺ አልኳት፤ በልቤ ግን ከዚህ በር ከወጣሁ አታገኚኝም እያልኩ። ችግሩ ቀጠሮው በዚያ በመጀመሪያው፣ በክትፎው ውጤት ተይዟል። ልሰርዘው ስልክ ሳነሣ እማማ ደብሬ ቤት ነበሩ። ሙሉ ለመነችኝ፣ እምቢ አልኩ። ተቆጣች፣ እምቢ አልኩ። እማማ ከተቀመጡበት ሆነው ድምፃቸውን ሳያነሡ «በሞቴ ሂድ» አሉኝ። ስልኩን አስቀመጥኩ።

አንጀት የሚያጸዳውን መድኃኒት ስለጠጣሁበት ቀን ዝርዝር አልሰጥም፤ ምሳችሁን የጨረሳችሁ ቢሆንም እራት አለ። ያ በጸሎተ ሐሙስ አንድ ማንኪያ የከለከለኝ ሆድ ያን ዕለት ቸርነቱ ወሰን አልነበረውም። በማግስቱ ካሜራው ገባ። እኔ አደንዝዘውኝ ተኝቻለሁ። ስነቃ ሙሉ ራስጌዬ ቆማ ፊቷ ልክ የዚያን ቀን መንገድ ላይ እንደነበረው ሆኗል።

አንጀቴ ውስጥ አንድ እባጭ ተገኘ። ትንሽ ነው፤ አንዳንዴ ይደማል፣ አንዳንዴ ያቆማል፤ ልክ እንዳለችው። እዚያው ቆርጠው አወጡትና ለምርመራ ላኩት። ያንን ውጤት የጠበቅነውን ጊዜ ቀልድ አልመጣልኝም። ሲመጣ፣ ወደ ካንሰር አልተለወጠም፣ ገና ነው ተባልን። ሐኪሟ ቢቆይ ኖሮ ሊለወጥ ይችል ነበር አለች፤ ሙሉ ይህን ስትሰማ እልል ሳይሆን ቁጭ ነው ያለችው፣ መሬት ላይ።

እኔ ከዚያን ዕለት ጀምሮ የማስበው ይህን ነው። ሐኪሟን ሰምቼ፣ ጨዋ ሆኜ፣ ዶሮዬን ብቻ በልቼ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ምርመራም እንደ ሁለተኛው የለም ሊል ይችል ነበር። ሐኪሟ ያኔም ቢሆን ወደ ካሜራው እልክዎት ነበር ትላለች። አምናታለሁ፤ እሷ ትልከኝ ነበር። እኔ ግን ራሴን አውቀዋለሁ፣ አልሄድም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ እቤቴ ገብቼ ከደረጃው ጋር እታገል ነበር። አባቴ ሲገረጣ ደምህ የት ሄደ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔን ሐኪም ጠየቀችኝ፣ ሚስቴ ጠየቀችኝ፣ የቅርጫ ማኅበሩ በሙሉ ተከራከረብኝ።

አሁን የብረት ክኒን እየዋጥኩ ነው። ትናንት አራተኛ ፎቅ ሳልቀመጥ ደረስኩ፤ የጠበቃ ቢሮው ጸሐፊ ጉዳዩ አለቀ ወይ አለችኝ፣ አለቀ አልኳት። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እማማ ደብሬ ጋ ሄድኩ። እስካሁን በክትፎው ጉዳይ ይቅርታ ሲሉ ነው የከረሙት። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ጉርሻዎ ነው ያተረፈኝ አልኳቸው። ከዚያ በእጃቸው ግንባሬን፣ ጉንጬን ዳበሱ፤ ቀላህ ወይ ልጄ አሉኝ። ቀላሁ እማማ አልኩ። ለራሳቸው ከቀረበላቸው ሳህን ላይ ጠቅለል አድርገው እጃቸውን አነሡ።

በሞቴ ማለት እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ አፌን ከፍቼ ጠበቅኳቸው።